«የኔታ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኃይለኛ አስተማሪ ሲነሳ ብዙ ሰው አፉ ላይ ቀድማ የምትመጣው «የኔታ» የምትለው ቃል ናት። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በየኔታ እጅ ስለሆነ ቃሏ ስትጠራ ልቤ ይሞቃል፤ ያለ ቦታዋ ስትገባ ደግሞ አላልፍም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ወጣቶች፣ ወላጆችና ጽሑፍ የሚያርሙ ጓደኞቼ በየጊዜው ያነሱልኝ ናቸው።

«የኔታ» የሚባሉት ማን ናቸው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ሕፃናትን ሀ ሁ ከሚያስቆጥሩት ጀምሮ ድጓ (የዜማ መጽሐፍ ነው)፣ ቅዳሴ፣ አቋቋም፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ እስከሚያስተምሩት ድረስ ሁሉም በተማሪዎቻቸው አፍ የኔታ ናቸው። ቃሉ የሹመት ስም አይደለም። ማንም በደብዳቤ አይሰጠውም፣ ማንም አይሽረውም። ተማሪው ሲጠራቸው የኔታ ይሆናሉ፤ ሌላ መንገድ የለውም።

የከተማ ሰው ቃሉን የሚያውቀው በአብዛኛው «ቄስ ትምህርት ቤት» በሚባለው በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ወይም በሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ልጆች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየጠቆሙ በአንድ ድምፅ ያነባሉ። ብዙዎቻችን መደበኛ ትምህርት ቤት ከመግባታችን በፊት ያለፍንበት በር ይህ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

«የእኔ ጌታ» ከሚለው ነው። በንግግር «የኔ ጌታ» ሆነ፤ ከዚያ «ጌ» ተውጣ ቀረችና «የኔታ» ተባለ። አማርኛ የአክብሮት መጠሪያዎቹን እንዲህ ማሳጠር ይወዳል። «መምህሬ» አጥሮ «መምሬ» ሆኗል፤ «ጋሻዬ» «ጋሼ» ሆኗል፤ «እመቤቴ» «እሜቴ» ሆናለች። ሁሉም ውስጥ «የእኔ» የሚል ድምፅ ተደብቆ አለ። ሰውን ስናከብር ከፍ አድርገን ብቻ አንተወውም፤ የራሳችንም እናደርገዋለን።

«ጌታ» የሚለው ክፍል ዛሬ አንዳንድ ወጣቶችን ግር ያሰኛቸዋል፤ ለፈጣሪ ብቻ የሚነገር ይመስላቸዋል። በድሮው አማርኛ ግን ጌታ አዛዥ፣ አለቃ፣ የበላይ ማለትም ነው። «ጌታ ሰው» ሲባል ባለጸጋ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥም «መሪጌታ»፣ «ቀኝ ጌታ» እና «ግራ ጌታ» የሚባሉ ማዕረጎች እስከ ዛሬ አሉ።

ይህ የስም አወጣጥ በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። አይሁድ መምህራቸውን የሚጠሩበት «ረቢ» በመሠረቱ «የእኔ ታላቅ» ማለት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 መግደላዊት ማርያም «ረቡኒ» ብላ የጠራችው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አያቶቻችን ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ይሉበት የነበረው የፈረንሳይኛ ቃልም ሲፈታ «የእኔ ጌታ» ነው። እኛ ግን ይህንን ጥሪ ለመኳንንት ወይም ለመንገደኛ ሁሉ አላዋልነውም፤ ለአስተማሪ ለይተን ሰጠነው። በዚህ እኮራለሁ።

«የኔታ» ማለት እንግዲህ ኃይለኛ አስተማሪ ማለት ነው?

አይደለም። ይህንን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኃይለኛነት በቃሉ ላይ ያረፈ ጥላ ነው እንጂ የቃሉ ፍሬ ነገር አይደለም። ፍሬ ነገሩ በሁለቱ ክፍሎቹ ውስጥ አለ፤ «ጌታ» ሥልጣን ነው፣ «የኔ» ቅርበት ነው። አስተማሪው ቢቆጣም፣ ቢያስነብብም፣ ቢያስጠናም፣ ተማሪው «የኔ» ብሎ ነው የሚጠራው። የፈሩትን ሰው ሁሉ «የኔ» አይሉትም። ፖሊስን ፈርቶ «የኔ» ያለ ሰው የለም።

ደግሞስ ከዓመታት በኋላ የሚሆነውን ተመልከቱ። ትናንት ጆሮው ተቆንጥጦ ያለቀሰ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ፣ ቄስ ወይም መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ሆኖ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የየኔታን ጉልበት ይስማል። በዚያች ሰዓት «የኔታ» ሲል ድምፁ ውስጥ ፍርሃት የለም። ቃሉን በደንብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሕፃኑን ጥሪ ብቻ ሳይሆን የጎልማሳውንም ይስማ።

የእኔ የኔታ መትተውኝ አያውቁም፤ የሚያስጨንቁኝ በሌላ ነገር ነበር። ፊደሉን በዜማ ሸምድጄ፣ ዓይኔ በር በር እያየ አፌ ብቻ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ሲል ያዩኝና ስንደዶዬን ወስደው መሐል ላይ አንዲት ፊደል ይጠቁማሉ። ዝም ስል «ከላይ ጀምር» ይሉኛል። ደግሞ ከላይ። አንዳንድ ቀን ጓደኞቼ ወደ ቤት ሲሄዱ እኔ ገበታው ሥር እቀር ነበር። ያን ጊዜ ቂም ይዤባቸዋለሁ። ዛሬ ግን ጽሑፍ ሳርም አንዲት ፊደል ያለ ቦታዋ ስትገባ ዓይኔ የሚይዛት በእርሳቸው ምክንያት ነው።

ይህ የእርሳቸው ጭካኔ ሳይሆን የቆየ ዘዴ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ የሚመጣው «አቡጊዳ» ፊደሉን አሰባጥሮ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ የሚሄደው ልጁ በቃሉ የያዘውን ዜማ ሰብሮ ፊደሏን በመልኳ እንዲለይ ለማድረግ ነው።

መምህራኑ ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ሆኑ?

የሚያስተምሩት ነገር ስሕተትን ስለማይታገሥ ነው። በብራና ዘመን መጽሐፍ ውድና ብርቅ ነበር፤ አንድ ደብር ውስጥ ያለው ድጓ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱ የሚቀመጠው በተማሪው ቃል ውስጥ ነው። መምህሩ አንድ ስሕተት ካለፈ ስሕተቷ ከዚያ ተማሪ ጋር ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ ተማሪው መምህር ሲሆን ደግሞ ለሃያና ለሠላሳ ልጆች ትባዛለች። የኔታ የሚያዩት ፊታቸው የተቀመጠውን አንድ ልጅ ብቻ አይደለም።

የአንዲት ፊደል ነገር ምን ያህል እንደሆነ በግዕዝ ምሳሌ ላሳይ። «ሰአለ» ማለት ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ብሎ እመቤታችንን ለምኝልን ማለት የፈለገ ሰው ፊደሉን ከሳተ «ሳይልን» ብሎ ቁጭ ይላል። «ሰረቀ» ሌባው የሠራው ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ የምታደርገው ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ «መሀረ» በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ነው፣ «መምህር» የተገኘውም ከዚህ ነው። «መሐረ» በሐመሩ ሐ ደግሞ ይቅር አለ፣ ማረ ማለት ነው፤ «ምሕረት» የሚለውም ከእርሱ ወጣ። ማስተማርንና መማርን፣ ማለትም ይቅር ማለትን፣ የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት። ይህንን ያልተጠነቀቀ መምህር ምን ሊያስተምር ይችላል?

ንባብ ቤት ውስጥ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ልጁ ቁጥር ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ሲወጣ ቃላቱን በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በተጣይና በሰያፍ ለይቶ ማንበብ ይጠበቅበታል። የት ድምፁን እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ካላወቀ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም «አነበበ» አይባልም። መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን፣ በመጨረሻም ዳዊትን እንዲህ ይዘልቃል። ዳዊት የደገመ ልጅ በድሮ ጊዜ ቤተሰቡ ድግስ ደግሶለት ነበር የሚከበረው፤ ብዙ ልጅም እዚያ ላይ ያበቃል።

ወደ ላይኞቹ ጉባኤ ቤቶች ሲወጣ ጥብቅነቱ ይብሳል። ዜማ ቤት ውስጥ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ድጓ ከነምልክቱ በቃል ይጠናል፤ ተማሪው ከየትም ተምሮ ይምጣ፣ በድጓ ለመመስከር፣ ማለትም ተፈትኖ መምህርነቱን ለማረጋገጥ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው የዜማ ትምህርት የምስክር ቦታ ደግሞ ዙር አባ ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ተማሪው የሚፈተነው ባጠናው ሳይሆን በፈጠረው ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል፤ እርሳቸው ዜማውን ያዳምጣሉ፣ ምሥጢሩን ይመረምራሉ፣ ቤቱ ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ካልገጠመ ይመልሱታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገም ነገ ሌላ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። ዋሸራን በመሰሉ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ያለፉ ሊቃውንት ስለ መምህራቸው ሲያወሩ የሚያስታውሱት ዱላውን ሳይሆን በአንዲት ቃል ቅኔያቸውን ያፈረሱበትን ቀን ነው።

ታዲያ አለንጋው ውሸት ነው?

እውነት ነው፤ መካድ አይገባም። አለንጋ፣ አርጩሜ፣ ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ ሁሉ ነበሩ። ልጅ እንዳይጠፋ እግሩን በብረት ማሰርም በአንዳንድ ቦታ ይደረግ ነበር። ቤተሰብም ፈቅዶ ነው የሚሰጠው። ይህንን የቀመሰ ሰው ቃሉን ሲሰማ ቢሸማቀቅ አልፈርድበትም።

ብዙ ሰው ቅጣቱን ለመደገፍ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይጠቅሳል። ትውፊቱ እንደሚነግረን ያሬድ በአክሱም በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ አጎቱ ሲገርፉት ሸሽቶ ሄደ። ማይ ኪራህ ከምትባል ቦታ ሲደርስ ከዛፍ ሥር አረፈ። አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ደረሰች። ያሬድም ከትሏ ተምሮ ተመለሰ፣ አጎቱን ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ያ የምናውቀው ያሬድ ሆነ።

ታሪኩን ደግማችሁ አንብቡት። ያሬድ ልቡ የተከፈተው በአለንጋው ነው የሚል ቃል የለውም። አለንጋው ያደረገው ልጁን ከትምህርት ቤት ማባረር ነው። ያስተማረችው ትሏ ናት፣ ያውም ማንም ሳይመታት ስትወድቅና ስትነሣ። ይህ ታሪክ ለገራፊ መምህር ምስክር ሆኖ ሲቀርብ በሰማሁ ቁጥር እቃወማለሁ።

ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ የአስተያየት ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ፣ ጭካኔ ካለበት ወይም ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። «እኔ እንደ የኔታ ነኝ፣ ካልመታሁ አላስተምርም» የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ሕጉንም ቃሉንም እንዳላወቀ ቁጠሩት።

በየኔታ፣ በመምህር፣ በመሪጌታ እና በመምሬ መካከል ምን ልዩነት አለ?

«መምህር» ሰፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑንም የኮሌጁንም ያጠቃልላል፤ በወረቀት ላይ ይጻፋል። «መሪጌታ» የዜማ ባለሙያ የሚሾምበት ማዕረግ ነው። «መምሬ» ሲፈታ «መምህሬ» ቢሆንም ዛሬ የምንጠራበት ባለትዳር ቄስን ነው፤ ባያስተምሩም መምሬ ናቸው። «የኔታ» ግን ማስተማርን የግድ ይላል። አንድ ሰው በማዕረጋቸው መሪጌታ፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ መምሬ፣ በተማሪዎቻቸው ዘንድ የኔታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሴት መምህርትስ የኔታ ትባላለች?

ቃሉ በልማድ የወንድ ሆኖ ቆይቷል፤ ጌታ ከሚለው ስለመጣም ጆሮ ወደ ወንድ ይወስደዋል። ሴት ሊቃውንት ግን አልጠፉም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ፣ ብዙ ወንዶች ሊቃውንት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው የተማሩባቸው ሴት ናቸው። በመነኩሲት ማዕረጋቸው «እማሆይ» ተብለው ይታወሳሉ። አስተማሪዋን «የኔታ» ብላ የምትጠራ ተማሪ ዛሬ ቢያጋጥመኝ አላርማትም። የቃሉ ዋና ነገር የተማሪው ጥሪ ነው ብዬ ካመንኩ እዚህ ላይ መለወጥ የለብኝም።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድስ?

እዚያ ቃሉ አይሠራም። የቁርዓን ቤት አስተማሪ «ሸኽ» ወይም «ኡስታዝ» ይባላሉ፤ ተማሪው «ደረሳ» ነው፤ የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ «ሉሕ» ነው። በቃል ማጥናቱ፣ አንዲት ፊደል ያለ ቦታዋ እንዳትገባ መጠንቀቁ፣ የመምህሩ ግርማ ግን የሚመሳሰል ነው። በተለይ በወሎ ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ የአንዱ ቤት ልጅ የሌላውን ቤት ኃይለኛነት ሲሰማ የራሱን ያስታውሳል።

በአረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይገባል?

ግሱ ሁልጊዜ በአንቱታ ነው። «የኔታ መጡ»፣ «የኔታ ተቆጡ» ይባላል፤ «የኔታ መጣ» ማለት ጆሮ ይሰብራል። ሲያናግሯቸው «እርስዎ» ነው፤ በጎንደርና በጎጃም «አንቱ» ይሰማል። «አንቱ የተባለ ሊቅ» የምንለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው።

ፊት ለፊት ሲጠሩ ስም አይጨመርም፤ «የኔታ!» ብቻ ይበቃል። ስለ እርሳቸው ለሌላ ሰው ሲወራና ሁለት መምህራን እንዳይምታቱ ሲፈለግ «የኔታ እገሌ» ተብሎ ስማቸው ይከተላል።

መስተዋድድ ሲጨመርበት የሚታየው ነገር ሰዋስው ለሚወድ ሰው ግሩም ነው። በአማርኛ አገናዛቢዋ «የ» ሌላ መስተዋድድ ሲመጣባት ትጠፋለች። «የእኔ ቤት» የምንለው «ከ» ሲገባበት «ከእኔ ቤት» ይሆናል እንጂ «ከየእኔ ቤት» አይባልም። «የኔታ» ላይ ግን «የ» አትነቃነቅም። «ከየኔታ ዘንድ ተማርኩ»፣ «ለየኔታ ንገሩልኝ» እንላለን። ቃሉ ከሁለት ቃላት መሠራቱን ረስቶ አንድ ሆኗል ማለት ነው።

ችግር የሚመጣው ራሷ «የ» ስትደገም ነው። «የየኔታ አለንጋ» በጽሑፍ ትክክል ነው፤ በንግግር ግን አንዷ ተውጣ «የኔታ አለንጋ» ትመስላለች። ስጽፍ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። ዓይን ካስቸገረ «የኔታ የያዙት አለንጋ» ብሎ ማዞር ይቻላል።

ሲበዛ «የኔታዎች» ይባላል። «እነ የኔታ» ካልን ደግሞ የኔታንና አብረዋቸው ያሉትን ማለታችን ነው።

«የኔታ»፣ «የንታ» ወይስ «የኔ ጌታ»? የቱ ነው ትክክል?

መደበኛው «የኔታ» ነው። «የንታ» በንግግር የሚሰማ አጠራር ስለሆነ ሰዎቹን እንደሚናገሩ አድርጎ ለመጻፍ ካልሆነ በቀር በጽሑፍ አልመርጠውም። «የኔ ጌታ» ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ግን ሌላ ትርጉም ይሰጣል፤ እናት ለሕፃኗ፣ ሚስት ለባሏ የምትለው የፍቅር ቃል ይሆናል። አስተማሪን ለማለት ከሆነ አትለያዩት።

በመደበኛ ትምህርት ቤት ያለን ኃይለኛ አስተማሪ በምን ቃል ልግለጸው?

እዚህ ላይ አማርኛችን ሀብታም ነው፤ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። «ኃይለኛ» ተማሪዎች ራሳቸው የሚሉት ነው፤ ፍርሃትም አድናቆትም አለበት፤ «ኃይለኛ ናቸው፣ ግን ያስተምራሉ» ሲባል ትሰማላችሁ። «ቁጡ» የጠባይ ነገር ነው፤ ቁጡ አስተማሪ ዛሬ በትንሽ ነገር ነድዶ ነገ ትልቁን ጥፋት ሊያልፍ ይችላል። «ኮስታራ» ፊቱ ነው። ኮስታራ ሆኖ በሕይወቱ አንድ ልጅ ያልቀጣ አስተማሪ አለ። «ጥብቅ» ደንብን ይመለከታል፤ ሰዓት፣ የቤት ሥራ፣ ዝምታ። «ቆፍጣና» ምስጋና ነው፤ ነገሩን ሳያንዛዛ በወጉ የሚያስኬድ ማለት ነው። «ጨካኝ» ግን ፍርድ ነው። በቀልድ አይጣልም።

ከሁሉም የምወደው «ተቆጪ» የሚለውን ነው። «ተቆጪ የሌለው ልጅ» ስንል የሚያዝንለትና የሚመልሰው ሰው ያጣ ማለታችን ነው። ቁጣ በዚህ ቃል ውስጥ የቅርብ ሰው ድርሻ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረትም የሚያወራው ስለ ግርፋት ብቻ አይደለም፤ «የተቀጣ ልጅ» በአማርኛ ሥርዓት የያዘ፣ ጨዋ ልጅ ማለት ነውና።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ አንድ ስም አይረሳም፤ «ዩኒት ሊደር»። አርፋጅ ለመያዝ በር ላይ የሚጠብቁት፣ ፀጉርና ዩኒፎርም የሚያዩት፣ ወላጅ የሚያስጠሩት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው «እንደ የኔታ» ብሎ ሲያወራ በልቡ ያለው ዩኒት ሊደሩ ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ዩኒት ሊደር ሥርዓት ያስከብራሉ፤ የኔታ አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ በአንድ ያስነብባሉ። ዩኒት ሊደሩን «የኔ» ብሎ የጠራ ተማሪ ሰምቼ አላውቅም።

አስተማሪ ያልሆነን ሰው የኔታ ማለት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለምስጋና ሲሆን ያምራል። ሙያ ያስጨበጠህን አናጺ፣ ጽሑፍ ያረመልህን አንጋፋ አዘጋጅ «የኔታ» ብትለው ቃሉን በቦታው አዋልከው። ነጭናጫ አለቃን «የኔታ ሆነብን» ማለት ግን ቃሉን ግማሽ ያደርገዋል። አለቃው የተቆጣበትን ነገር አስተምሯችኋል? ካላስተማረ «ነጭናጫ» የሚለው ቃል ይበቃዋል።

«የኔታዬ» ትክክል ነው?

በሰዋስው መንገድ ከተመለከትነው «የኔ» ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ «የእኔ ጌታዬ» እንደማለት ነው። በመደበኛ ጽሑፍ አልጠቀምበትም። ነገር ግን «ጋሼ» ውስጥ «የእኔ» እያለ ሰው «ጋሽዬ» ይል የለም? ፍቅር ሲበዛ ባለቤትነት ይደገማል። በግል ደብዳቤ ውስጥ ካገኘሁት አልሰርዘውም።

ለቀድሞ የኔታዬ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ እንዴት ልጀምር?

«ይድረስ ለተከበሩ የኔታ» ብለው ይጀምሩ፤ «ለ»ን ከ«የኔታ» ጋር ካያያዙ «ለየኔታ» ነው፣ «ለኔታ» አይደለም። በሰላምታው ጤናቸውን በአንቱታ ይጠይቁ፤ ወዲያው ወደ ጉዳይ አይግቡ። መቼና የት እንደተማሩ፣ ምን ላይ ሳሉ ከእርሳቸው እንደተለዩ በአንድ አረፍተ ነገር ያስታውሷቸው፤ «ዳዊት ጀምሬ ሳለሁ ወደ ከተማ የወጣሁት» ዓይነት ነገር ከስም ይልቅ ቶሎ ያስታውሳቸዋል። ፊደል አይሳቱ፤ ያዩታል። መጨረሻ ላይ «ልጅዎ» ወይም «ደቀ መዝሙርዎ» ብለው ይፈርሙና ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉ፤ ብዙ ልጆች አሏቸውና።